ከጫማ ሰፊዎቹ ክለብ የተነሳው የመድፈኞቹ አባት

በከተማችን የአርሰናል ደጋፊ የሌለበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ኳስ በሚታይበት ቤት ገብታችሁ የመድፈኞቹን ታሪክ ብታነሱ ስለ ቬንገር፣ ስለ ሄንሪና በ2004 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ስላነሳው ቡድን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያወራችሁ አታጡም። ራቅ አድርጎ የሚያውቅ ካለ ደግሞ የኸርበርት ቻፕማንን ስም ይጠራል። በ2011 ከኤምሬትስ ስታዲየም ውጪ የነሐስ ሐውልት የቆመለት እሱ ነው። በ1930ዎቹ አርሰናልን የእንግሊዝ ትልቁ ክለብ ያደረገው ይህ ሰው መሆኑን ብዙው ሰው ሰምቷል።

ብዙው ሰው ያልሰማው ግን ቻፕማን አሰልጣኝነትን የት እንደተማረ ነው። የተማረው ገንዘብ በሞላበት ለንደን አይደለም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የሊጉ ጭራ በሆነ፣ ሜዳው እንኳ የብቻው ባልነበረ፣ በአንድ የጫማ ሰፊዎች ከተማ ክለብ ውስጥ ነው። ክለቡ ኖርዛምፕተን ታውን ይባላል። ዛሬ የምናወጋችሁ የቻፕማንን ሕይወት ቢሆንም ያንን ትንሽ ክለብ ዘሎ ስለ እሱ ማውራት አይቻልም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

የከሰል ቆፋሪው ልጅ

ቻፕማን ጃንዋሪ 19 ቀን 1878 በሼፊልድ አቅራቢያ ኪቬተን ፓርክ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ መንደር ለተወለደ ወንድ ልጅ ዕጣው የታወቀ ነው፤ አድጎ እንደ አባቱ ጉድጓድ መውረድ። ኸርበርት ግን በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ሼፊልድ ገብቶ የማዕድን ምህንድስና ተማረ። ይህ ትምህርት ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ኳሱ ባይሳካ የሚመለስበት እንጀራ ነው።

ኳሱም ቢሆን ብዙ የሚያስተማምን አልነበረም። በቤታቸው የተዋጣለት ተጫዋች ታናሽ ወንድሙ ሃሪ ነበር። ሃሪ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር በ1903 እና በ1904 የሊግ፣ በ1907 ደግሞ የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ አንስቷል። ታላቅየው ኸርበርት ግን ሻንጣውን ይዞ ከክለብ ክለብ የሚዞር አጥቂ ነበር። ስቴሊብሪጅ፣ ሮችዴል፣ ግሪምስቢ፣ ስዊንደን፣ ሼፒ ዩናይትድ፣ ወርክሶፕ እያለ ዞሯል። አንዳንዴ እየተከፈለው፣ አንዳንዴ ደግሞ አማተር ሆኖ በነጻ ይጫወታል። በጎን ሥራውን ይሠራል፣ ትምህርቱንም ይከታተላል። ዛሬ ግማሽ ፕሮፌሽናል የምንለው ዓይነት ተጫዋች ማለት ነው። አንድ ክለብ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስበው በከተማው ሥራ ይገኝ እንደሆነ ነበር።

በ1901 እግሩ ኖርዛምፕተን ደረሰ። በዚያው የውድድር ዓመት በሊጉ 14 ጎል አስቆጠረ። ክለቡ በኤፍ ኤ ካፕ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ተገናኝቶ ቢሸነፍም የሼፊልድ ሰዎች ቻፕማንን አይተው ወደዱትና ወሰዱት። ከዚያ በ300 ፓውንድ ወደ ኖትስ ካውንቲ ሄደ። እዚያም አልቀናውም። ለሁለተኛ ጊዜ ኖርዛምፕተን ተመልሶ ሲጫወት ቶተንሃም በ1905 የገዛው በ70 ፓውንድ ብቻ ነው። ከ300 ወደ 70! ዋጋው እንዲህ በወረደበት ጊዜ ዕድሜው 27 ነበር። በቶተንሃም የሚታወሰው ከጎሎቹ ይልቅ በሚያደርገው ደማቅ ቢጫ ታኬታ ነው። በ1907 ኳስ በቃኝ ብሎ ወደ ምህንድስናው ሊመለስ ቆርጦ ነበር።

ሜዳውን ከክሪኬት የሚጋራው ክለብ

አሁን ወደ ኖርዛምፕተን እንመለስ። ከተማዋ የእንግሊዝ የጫማ ከተማ ናት። ቆዳና ጫማ የማይሠራበት ሰፈር አልነበረባትም ማለት ይቻላል። የክለቡ ቅጽል ስምም እስከ ዛሬ ጫማ ሰፊዎቹ ነው። ክለቡን በ1897 ያቋቋሙት ባለሀብቶች አይደሉም። የከተማው የትምህርት ቤት መምህራን ከአንድ ጠበቃ ጋር ተሰብስበው የመሠረቱት ነው።

ሜዳው ካውንቲ ግራውንድ ይባላል። የካውንቲው የክሪኬት ክለብ መጫወቻም ነበር። ከአራቱ ጎን ተመልካች የሚቆመው በሦስቱ ብቻ ነው፤ አራተኛው ጎን ወደ ክሪኬቱ ሜዳ የተከፈተ ባዶ ሜዳ። በመኸር መጀመሪያ ክሪኬቱ ካላለቀ የኳሱ ቡድን ከሜዳው ውጪ እየዞረ ይጫወታል። በገዛ ቤቱ እንደ ተከራይ የሚኖር ክለብ ብትሉት አልተሳሳታችሁም።

ፉትቦል ሊግ የሚባለው ትልቁ ውድድር በዚያን ጊዜ የሰሜኑና የመካከለኛው እንግሊዝ ክለቦች ይበዙበት ነበር። የደቡቦቹ አብዛኞቹ ሳውዘርን ሊግ በሚባል የራሳቸው ውድድር ይጫወታሉ። ኖርዛምፕተንም እዚያ ነበር። በ1905/06 የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ጨረሰ። በ1906/07ም የመጨረሻ ሆነ። ተጫዋች ለመግዛት ገንዘብ የለም፣ ሰው ተስፋ ቆርጧል፣ ቡድኑ ተሸናፊነትን ለምዶታል።

ዳይሬክተሮቹ አዲስ ተጫዋች አሰልጣኝ ፈለጉና የቶተንሃሙን ዋልተር ቡልን አነጋገሩ። ቡል ከተስማማ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። እኔ አልመጣም፣ ጓደኛዬን ቻፕማንን ውሰዱት አላቸው። ቻፕማን ደግሞ ምህንድስናውን አስቦ አመነታ። በመጨረሻ እሺ አለ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ከሚባሉት አሰልጣኞች አንዱ ሥራውን የጀመረው እንዲህ በሰው ምትክ ነው።

ሲያጠቁ መዋል ያሸንፋል?

በዚያ ዘመን አሰልጣኝ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ሒሳብ የሚይዝ፣ የባቡር ትኬት የሚቆርጥ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሐፊ ነው። ማን ይሰለፍ የሚለውን ዳይሬክተሮቹ ይወስናሉ። ሜዳ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች የመሰለውን ይጫወታል። ታክቲክ የሚባል ነገር ያላቸው ክለቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ቻፕማን ኖርዛምፕተን እንደደረሰ አንድ ነገር አስተዋለ። ቡድኑ ጨዋታውን ሙሉ ሲያጠቃ ውሎ ጎል ሳያገባ ይቀራል፣ ከዚያ በአንድ ኳስ ተሸንፎ ይወጣል። መሐንዲሱ ቁጭ ብሎ አሰበበት። ምክንያቱን ያገኘው ቀላል ሆኖ ነው፤ አንተ ስታጠቃ ተጋጣሚህ ሁሉ ጎሉ ፊት ተሰብስቦ ይቆማል፣ አጥቂህ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ አማካዮቹን ወደ ኋላ ሳባቸው። ተጋጣሚው ተታልሎ ወደ ፊት ሲወጣ ከኋላው ባዶ ሜዳ ይከፈታል፣ ያኔ ኳሷን በፍጥነት ወደዚያ። ዛሬ መልሶ ማጥቃት የምንለው ማለት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ አርሰናልን ያነገሠው ሐሳብ የተወለደው በዚህ ሦስት ጎን ብቻ ባለው ሜዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ከዳይሬክተሮቹ ጋር ነበር። ገንዘብ የላችሁም፣ ግን ገንዘብ ሳታወጡ ገንዘብ አታገኙም የሚል ክርክር ይዞ አሳመናቸው። የዌልሱን ተከላካይ ሎይድ ዴቪስን አስመጣ። ከተጫዋቾቹ ጋርም ተሰብስቦ ስለ ጨዋታው ያወራል፣ ሐሳባቸውን ይሰማል። ከአለቃ ጋር ተቀምጦ ስለ ኳስ መነጋገር ለእነሱ አዲስ ነገር ነበር።

ውጤቱስ? የመጀመሪያው ዓመት ከጭራነት ወጥቶ 8ኛ። ሁለተኛው ዓመት፣ 1908/09፣ ኖርዛምፕተን ታውን የሳውዘርን ሊግ ሻምፒዮን! ያውም በ40 ጨዋታ 55 ነጥብ ሰብስቦ። ከሁለት ዓመት በፊት ከታች ሆኖ ያለቀሰ ክለብ ዋንጫ ይዞ በጫማ ፋብሪካዎቹ መካከል ሲያልፍ አስቡት። ቻፕማንም በዚያው የውድድር ዓመት ታኬታውን ሰቅሎ ሙሉ በሙሉ አሰልጣኝ ሆነ።

መሰላል የሌለው ግድግዳ

ውድ አንባቢያን፣ የትንሽ ክለብ መከራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዋንጫ አነሳህ፣ ከዚያስ? በዛሬው አሠራር ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ወደ ላይ ያድጋል። በዚያ ጊዜ ግን ከሳውዘርን ሊግ ወደ ፉትቦል ሊግ በቀጥታ የሚያድግ ክለብ አልነበረም። ለመግባት ማመልከትና በአባል ክለቦች ድምፅ መመረጥ ያስፈልጋል። ኖርዛምፕተን የቱንም ያህል ቢያሸንፍ ከላይ የሚጠብቀው ግድግዳ እንጂ መሰላል አይደለም። ቻፕማን ሁለቱ ሊጎች ተያይዘው ክለቦች እንደ ውጤታቸው የሚወጡበትና የሚወርዱበት መንገድ እንዲበጅ ሐሳብ ቢያቀርብም የሰማው አልነበረም።

ቡድኑ ግን መወዳደሩን ቀጠለ። በ1909 በቻሪቲ ሺልድ የሊጉን ሻምፒዮን ኒውካስልን ገጥሞ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በሊጉ 4ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ሆነ። በ1911 በኤፍ ኤ ካፕ ደግሞ ኒውካስልን እዚያው በሜዳው ሄዶ 1 ለ 1 ወጣ። ድጋሚ ጨዋታው ኖርዛምፕተን ላይ መደረግ ነበረበት። ከተማው በደስታ ሊፈነዳ ነው። ክለቡ ግን ድጋሚውን ለኒውካስል ሸጠው! 900 ፓውንድ ተቀብሎ እንደገና ወደ ሰሜን ሄደና 1 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ።

በዚህ የተናደደ ደጋፊ አይፈረድበትም። ነገር ግን የክለቡን ካዝና ያየ ሰው ደግሞ 900 ፓውንድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቻፕማን ራሱ የተሸጠው በ70 ፓውንድ ነበር እኮ። ትንሽ ክለብ አንዳንዴ ነገ ለመኖር ሲል የዛሬ ደስታውን ይሸጣል።

ዋልተር ተል

ቻፕማን በኖርዛምፕተን ከሠራቸው ሥራዎች ለእኛ ይበልጥ የሚነካን በ1911 መገባደጃ ያደረገው ነው። ያኔ በቶተንሃም አንድ ጥቁር ተጫዋች ነበር፣ ዋልተር ተል ይባላል። አያቱ ባርቤዶስ ውስጥ ባሪያ ነበር። ዋልተር ራሱ ወላጆቹ ሞተውበት ለንደን ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው። ክላፕተን በሚባል አማተር ክለብ ጥሩ ተጫውቶ በ1909 ቶተንሃም ወሰደው። በትልቁ ዲቪዚዮን በጥቂት ጨዋታ ስሙ ተነሳ።

በዚያው ዓመት ብሪስቶል ላይ በተደረገ ጨዋታ የተወሰኑ ተመልካቾች በቆዳው ቀለም ምክንያት ጸያፍ ስድብ አወረዱበት። ሁኔታው በጋዜጣ እስኪጻፍ ድረስ የከፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተል ብዙም ሳይቆይ ከዋናው ቡድን ወጣ፣ ተጠባባቂ ቡድን ውስጥ ተቀመጠ። አጥፍቶ ነው እንዳይባል አንድም ያጠፋው የለም።

ቻፕማን ሌሎች የተዉትን ተጫዋች አየና ወደ ኖርዛምፕተን አመጣው። ተል በጫማ ሰፊዎቹ ማሊያ ከ100 በላይ ጨዋታ አደረገ፣ ከክለቡ ወሳኝ ተጫዋቾችም አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ ውስጥ ገብቶ ዘመተ። በ1917 መኮንን ሆነ። የሠራዊቱ ደንብ ነጭ ላልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ማዕረግ የሚከለክል ሆኖ ሳለ ነው። ማርች 25 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ በ29 ዓመቱ ተገደለ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። በ1999 ክለቡ በስታዲየሙ አጠገብ መታሰቢያ አቁሞለታል። ትልቁ ክለብ ያልያዘውን ሰው ትንሹ ክለብ ያዘው፣ እስከ ዛሬም አልረሳውም።

ውድቀትና መነሳት

ቻፕማን በ1912 ኖርዛምፕተንን ለቀቀ። ግድግዳውን ሲገፋ አምስት ዓመት ኖሯል፤ ፉትቦል ሊግ ውስጥ የሚገኝ ክለብ ሲጠራው ሄደ። የሄደበት ሊድስ ሲቲ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ታች የነበረ ክለብ ነው። እሱ ከገባ በኋላ 6ኛ፣ ቀጥሎ 4ኛ ሆነ። ወደ ላይ ሊያድግ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ጦርነቱ መጣ።

በጦርነቱ ጊዜ ቻፕማን ሊድስ አቅራቢያ ባርንቦው በሚባል የጥይት ፋብሪካ ውስጥ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ሊድስ ሲቲ ለተጫዋቾች ከሕግ ውጪ ገንዘብ ከፍሏል የሚል ክስ ቀረበበት። ክለቡ የሒሳብ መዝገቡን አላሳይም አለ። በኦክቶበር 1919 ከሊጉ ተባረረና ፈረሰ። ተጫዋቾቹ በአንድ ሆቴል ውስጥ እንደ ዕቃ በጨረታ ተሸጡ። ቻፕማንም ከክለቡ ኃላፊዎች ጋር ከእግር ኳስ ታገደ።

ወደ ምህንድስናውና ወደ ፋብሪካ ሥራ ተመለሰ። በ1920 መጨረሻ ላይ ያንንም ሥራ አጣ። በ42 ዓመቱ ኳሱም የለ፣ ሥራውም የለ። የቻፕማን ታሪክ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አይኖርም ነበር።

ያወጣው ሌላ ከሞት የተረፈ ክለብ ነው። ሀደርስፊልድ ታውን በ1919 ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ባለቤቶቹ ክለቡን ወደ ሊድስ ሊያዛውሩት ሲሉ የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አስቀርቶታል። ቻፕማን ክፍያ ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ ፋብሪካ እንደነበር አስረድቶ እገዳው ተነሳለትና በ1921 ሀደርስፊልድ ገባ። የአስተን ቪላውን አንጋፋ ክሌም ስቴፈንሰንን ገዝቶ ቡድኑን በዙሪያው ሠራ። በ1922 የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ፣ በ1924 የሊግ ዋንጫ፣ በ1925 እንደገና የሊግ ዋንጫ። ዘዴው ያው የኖርዛምፕተኑ ነው፤ መከላከሉን አጥብቅ፣ ተጋጣሚውን ሳበው፣ በፍጥነት ውጣ። በ1926 ሀደርስፊልድ ያለ እሱ ሦስተኛውን ተከታታይ ዋንጫ አነሳ፣ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ክለብም ሆነ።

ሃይበሪ

በ1925 አርሰናል በዓመት 2,000 ፓውንድ ሊከፍለው ጠራው። አርሰናል በዚያን ጊዜ ትልቅ ስም አልነበረውም። ባለፈው የውድድር ዓመት ከ22 ክለቦች 20ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። አንድም ዋንጫ አልነበረውም።

ገና በመጀመሪያው ዓመት በኒውካስል 7 ለ 0 ተቀጠቀጠ። በዚያው ክረምት የኦፍሳይድ ሕግ ተቀይሮ ነበር፤ ለአጥቂ ሦስት ሰው ከፊቱ መሆኑ ቀርቶ ሁለት በቂ ሆነ። ተጫዋቹ ቻርሊ ቡካን የመሀል አማካዩ ወደ ኋላ ወርዶ ሦስተኛ ተከላካይ ይሁን አለ። ቻፕማን ተቀበለው። በቀጣዩ ጨዋታ ዌስትሃምን 4 ለ 0 አሸነፉ። ደብልዩ ኤም የሚባለው አሰላለፍ እንዲህ ተጀመረ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የዓለም ኳስ በእሱ ሲጫወት ኖረ። ከተጫዋች ሐሳብ መቀበልን የለመደው ግን ኖርዛምፕተን ላይ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ገንዘብ አለ። በ1928 ዴቪድ ጃክን ከቦልተን በ10,890 ፓውንድ ገዛ፤ በዚያ ጊዜ ጉድ የተባለ ሂሳብ ነው። ድርድሩ ላይ ለቦልተን ሰዎች ጠንካራ መጠጥ ደርቦ እያስቀዳ ለራሱ ግን አልኮል የሌለው መጠጥ ብቻ እንዲቀርብለት አስተናጋጁን አስጠንቅቆ ነበር ይባላል። በ1930 አርሰናል የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ አነሳ፤ ያሸነፈው ደግሞ ቻፕማን የሠራውን ሀደርስፊልድን ነው። በ1931 እና በ1933 የሊጉን ዋንጫ ደገመ።

ለተጫዋቾች ጀርባ ላይ ቁጥር የለጠፈው እሱ ነው፤ በ1928 ሞክሮት ተከልክሎ ሊጉ የተቀበለው በ1939 ነው። ሃይበሪ ላይ መብራት አስተከለ፤ የሊግ ጨዋታ በመብራት የተፈቀደው በ1956 ነው። ቀዩን ማሊያ ነጭ እጅጌ ያደረገለት እሱ ነው። ጊሌስፒ ሮድ ይባል የነበረውን የባቡር ጣቢያ በ1932 አርሰናል አስብሎታል፣ ዛሬም ስሙ ያው ነው።

ከትንሽ ክለብ የመጣው ሰው ግን የትንሽ ክለብን ዱላም ቀምሷል። በጃንዋሪ 1933 አርሰናል በኤፍ ኤ ካፕ የሦስተኛ ዲቪዚዮኑን ዎልሳልን ሊገጥም ሄደ። በጉንፋንና በጉዳት የታመሙ ስለነበሩ ቻፕማን ተጠባባቂዎችን አሰለፈ። ዎልሳል 2 ለ 0 አሸነፈ! የኤፍ ኤ ካፕ ትልቁ ጉድ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ፍጹም ቅጣት ምት ያሰጠውን ወጣት ተከላካይ ቻፕማን በቀናት ውስጥ ለሌላ ክለብ ሸጠው። እንደ አባት የሚታይ ሰው ቢሆንም ሲቆርጥ ይቆርጣል። ለዚያ ልጅ የፈረደበት እጅ ዋልተር ተልን ያነሳው እጅ መሆኑ ትንሽ ይገርማል።

የመጨረሻው ሳምንት

በ1934 መጀመሪያ አርሰናል ሊጉን እየመራ ነበር። ቻፕማን በአዲሱ ዓመት ማግስት ጉንፋን ይዞት እንኳ ጨዋታ ለማየት ወደ ሰሜን እንግሊዝ ተጓዘ። ሲመለስ ሐኪም ተኛ ቢለውም እንቢ አለና የክለቡን ሦስተኛ ቡድን ለማየት ጊልድፎርድ ወረደ። ልብ በሉ፣ የእንግሊዝ ትልቁ አሰልጣኝ በትኩሳት እየነደደ የሄደው ታዳጊዎችን ለማየት ነው። ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች ተቀየረና ጃንዋሪ 6 ቀን 1934 ጎህ ሳይቀድ ሞተ። ዕለቱ የእኛ የገና ዋዜማ ነው። ገና 56 ዓመት አልሞላውም ነበር።

በዚያው ቀን አርሰናል በሜዳው ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቡድኑ በ1934 እና በ1935 የሊጉን ዋንጫ አንስቶ ሦስት ተከታታይ አደረገ። ሁለት ክለብ ሦስት ተከታታይ ዋንጫ እንዲያነሳ መሠረት የጣለ ሰው፣ አንዱንም ሦስተኛ ዋንጫ በክለቡ ሆኖ ሳያነሳ ቀረ።

ጫማ ሰፊዎቹስ?

የኖርዛምፕተን ግድግዳ የተከፈተው ቻፕማን ከሄደ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በ1920 የሳውዘርን ሊግ ትልልቅ ክለቦች በአንድነት ወደ ፉትቦል ሊግ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሲገቡ እሱም ገባ። ከዚያ ለ40 ዓመት ያህል ታች ተቀመጠ።

ከዚያ ዴቭ ቦወን መጣ። ቦወን ከኖርዛምፕተን ወደ አርሰናል ሄዶ የተጫወተ፣ ዌልስንም በአምበልነት የመራ ሰው ነው። በ1959 ወደ ቀድሞ ክለቡ በአሰልጣኝነት ተመለሰ። በ1961 ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ በ1963 ወደ ሁለተኛ፣ በ1965 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን! ያ ሦስት ጎን ብቻ ያለው ሜዳ ከእነ አርሰናልና ሊቨርፑል ጋር ሊያጫውት ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1966 ከፉልሃም ጋር ሲጫወት 24,523 ሰው ገባ፤ የሜዳው ክብረ ወሰን ነው። 4 ለ 2 ተሸነፈና በሁለት ነጥብ ልዩነት ወረደ። በ1967 እንደገና ወረደ። በ1969 አራተኛ ዲቪዚዮን ተመልሶ ቁጭ። በአምስት ዓመት ወጥቶ በአራት ዓመት የወረደ ክለብ እሱ ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችም ታውቁታላችሁ፤ በ1970 ጆርጅ ቤስት ብቻውን 6 ጎል አግብቶ ዩናይትድ 8 ለ 2 ያሸነፈው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በ1992 ክለቡ በዕዳ ሊዘጋ ተቃረበ። ያኔ ደጋፊዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፣ የክለቡን ድርሻ ገዙ፣ የራሳቸውን ተወካይ መርጠው ቦርድ ውስጥ አስቀመጡ። በእንግሊዝ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው የደጋፊዎች ማኅበር የእነሱ ነው፤ ብዙ የተቸገሩ ክለቦች ከእነሱ ተምረዋል። በ1994 ከክሪኬቱ ሜዳ ወጥተው ሲክስፊልድስ ገቡ። በ1997 ዌምብሌይ ላይ ስዋንሲን 1 ለ 0 አሸንፈው ወደ ላይ አደጉ።

የቻፕማን ሐውልት ለንደን መቆሙ ትክክል ነው፤ ዋንጫውን ያነሳው እዚያ ነው። ግን መልሶ ማጥቃቱን የፈለሰፈው፣ ተጫዋችን መስማት የጀመረው፣ ዋልተር ተልን የተቀበለው የኖርዛምፕተን ድሃ ክለብ ውስጥ ነው። ትንሽ ክለብ ሰው ያበቅላል፣ ትልቁ ይወስዳል፣ የኳስ ሕግ ይኸው ነው። ያበቀለው ግን እንዳይረሳ። በየሰፈራችን ባለ አቧራማ ሜዳ ጠዋት ሥራ ውሎ ማታ የሚለማመድ ቡድን ስታዩም ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ከዳር ሆኖ ማስታወሻ የሚይዘው ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አይታወቅም።